ከፌሪ ጎዳና ማዶ

ሰኞ፣ ኦገስት 18

አዲሱ የሪፖርቶች ኃላፊ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ክሬግ ቤነት ይባላል። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። የጨበጠውን እጄን ሳይለቅ «ቨርን» አለኝ፣ አብሮ አደጌ ይመስል። ለአዲስ ሰው ቨርነን መሆኔን አልነገርኩትም፤ ሲቆይ ይደርስበታል።

ያንን ቦታ እኔ አልፈለግሁትም። ማመልከቻ ያስገባሁት እህቴ ጆይስ ስለነዘነዘችኝ ነው። ዲኑ «ቨርን፣ አንተ እዚያው ያለህበት ነው የምትጠቅመን» ሲሉኝ እንዲያውም ቀለል አለኝ። ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ የስፖርተኞቹን የምረቃ መጠን መሥራት ይበቃኛል። በስኮላርሺፕ ከገቡት ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች ውስጥ በስድስት ዓመት ስንቱ ጨርሶ ወጣ የሚለውን በየዓመቱ ለመንግሥት የማሳውቀው እኔ ነኝ። የሴቶች አገር አቋራጭ ቡድን እኔ መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ አንዲት ልጅ እንኳ ጎድላበት አታውቅም። ምስጋናውን አሠልጣኟ ትወስዳለች፤ ትውሰደው።

ምሳ ላይ ምድር ቤት የምትሠራውን ዶሪንን ከክሬግ ጋር ተቀምጣ አየኋት። ስለ ግቢው እያስረዳችው ነበር መሰለኝ። እንግዳ መቀበል ደግ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

በዚህ ወር እዚህ ከተማ መኪናውን ሳይቆልፍ ያቆመ ሰው ሲመለስ ዙኪኒ በሚሉት አረንጓዴ ዱባ ተሞልታ ያገኛታል። የሁሉም ጓሮ ይተርፈዋል፣ የሚቀበል የለም። ዶሪን ታዲያ ዙኪኒውን ፈቅፍቃ ጣፋጭ ዳቦ ትጋግራለች፤ በየዓመቱ የመጀመሪያው ዳቦ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ክሬግ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ለእኔ ሁለተኛው ደረሰኝ። «ያኛው እኮ ሥሩ ትንሽ አሮብኝ ነበር» አለችኝ። ለማጽናናት ነው። ለአዲስ ሰው ያረረ ዳቦ ማን ይሰጣል?

በላሁት። ምንም አይልም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

ሰኞ የዋለው የሠራተኞች በዓል አለፈ። ንባቡ የሚጀመርበት ሳምንት ነው።

ዶሪን የግቢውን ፖሊስ መዝገብ የምትይዝ ናት፤ ቢሮዋ ከእኔ ቢሮ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። ባለፈው ዓመት በግቢው የተፈጸመው ወንጀል እስከ ኦክቶበር 1 ወጥቶ ለተማሪውና ለወላጁ መታየት አለበት፣ ሕግ ነው። ሥራው የእኔ አልነበረም፤ ግን እሷ ስታነብ እኔ ስሰማ አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። እሷ «ስርቆት፣ የሴቶች ማደሪያ፣ ማርች» ትላለች። እኔ የመጨረሻውን ቃል ደግሜ «ማርች» እላለሁ፣ በቀይ እርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። ገጹ ሲያልቅ አንድ አንድ ቁራሽ ዳቦ። ለሚሰማን ሰው ስለ ሌባና ስለ ሰካራም የምናወራ ነን፤ ለእኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ሳምንት ነው።

ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። በዓሉ ሲያልፍ እርሳሴን ይዤ እወርዳለሁ፣ እሷ ወንበር ስባ ትጠብቀኛለች። ዘንድሮ ግን ኃላፊ አለ። ካልተጠራሁ አልወርድም። ሰው ክብሩን ራሱ ካልጠበቀው ማን ይጠብቅለታል?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

አልጠራችኝም። እርሳሱን ቀርጬ አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ጆሮ መጣል አይባልም። የማሞቂያው ቱቦ የሚወጣው ከጠረጴዛዬ ሥር ነው፤ በብርዱ ጊዜ ሙቀት፣ በሌላው ጊዜ የምድር ቤቱን ድምፅ ያመጣል። ድሮም እንደዚሁ ነው።

ታነብለታለች። እሱ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ይደግማል። የእኔን ሥራ! ያስተማረችው እሷ ናት እንጂ ከየት ያውቀዋል? አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ሌላ ቃል ደገመና ሁለቱም ሳቁ። ከእኔ ጋር ስታነብ ስቃ አታውቅም። እኔ ስለማልሳሳት ይሆናል።

ከዚያ የከተማው ፖሊስ የላከው ዝርዝር ላይ ደረሱ።

«ዝርፊያ፣ ፌሪ ጎዳና 415፣ ኖቬምበር።»

«415? ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቤት እኮ ማዶ ነው» አለ ክሬግ። «የእኛ ወገን ሙሉ ቁጥሩ ነው። እለፊው።»

ዶሪን አንድ ነገር ተናገረች፤ ወንበር ተጎትቶ ስለነበር አልሰማሁትም። ቀጠሉ።

ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልጻፈው።

415 ሳንቲም እየከተቱ ልብስ የሚያጥቡበት ቤት ነው። ቤቱ ውስጥ ማንም አልተዘረፈም። የከተማው ፖሊስ መንገድ ላይ ለተፈጸመ ነገር የሚጽፈው ቅርብ ያለውን የቤት ቁጥር ነው፤ እዚያ ቤት ፊት ለፊት ደግሞ ተማሪው ሁሉ የሚቆምበት ፌርማታ አለ። ግቢን የሚያዋስን መንገድ አስፋልቱም፣ የዚህኛው ወገን የእግረኛ መንገድም፣ የወዲያኛው ወገን የእግረኛ መንገድም ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ነው የማይቆጠረው። ለዶሪን በየዓመቱ «ቤቱን አትዪ፣ እግር የቆመበትን እዪ» እላት ነበር።

ክሬግ ይህን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ወርጄ ልንገረው? ጠርቶኛል? አልጠራኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ረቂቁ ዲኑ ፊት የሚቀርበው ሰኞ ሴፕቴምበር 29 ነው፣ እኔም እዚያ ስብሰባ ላይ አለሁ። ያን ዕለት በትሕትና እጄን አውጥቼ «ይቅርታ፣ አንዲት ነገር አለች» እላለሁ። ዶሪን ከጎኑ ትቀመጣለች። ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ስሕተት ሰው ባለበት ቢታረም ሁሉም ይማርበታል።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ እያነከሰች ገባች። ቴሳ ማሎይ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ከአገር አቋራጭ ቡድኑ። የመልቀቂያ ቅጽ ጠየቀችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለኔ ነዋ!» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ።

ተቀመጪ አልኳት። ባለፈው ኖቬምበር ልብሷን አጥባ ፌርማታው ላይ ቆማ ሳለ አንድ ሰው ቦርሳዋን ያዘ። አልለቅም አለች። ገፍትሮ ሲጥላት ጉልበቷ የመንገዱን ጠርዝ መታ። ፌሪ ጎዳና። ሳትነግረኝ ቁጥሩን አውቄዋለሁ።

«አዝናለሁ» አልኳት።

«ሁሉም ሰው አዝኖልኛል፣ ሚስተር ቲሎትሰን። ተረኛው ጥበቃ ግን ‹ማዶ ነው፣ እኛን አይመለከትም› ብሎ መለሰኝ። ማስጠንቀቂያ እንኳ አልለጠፉም። የቡድኑ ልጆች አሁንም ሲመሽ እዚያው ነው የሚቆሙት። አብራኝ የምታድረውን ልጅ ተይ ስላት ‹ተፈጥሮ ቢሆን ኮሌጁ ራሱ አይጽፈውም ነበር?› ትለኛለች። እየሮጥኩ ወድቄ ሰበብ የፈጠርኩ ነው የመሰላቸው።»

«ቢጻፍ ትቆያለሽ?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም።

ጣሪያውን አየች። «አሠልጣኟ ባልሮጥም ስኮላርሺፑ አይቆምም ብላኛለች። እዚህ ጓደኞች አሉኝ። አዎ፣ ሆኗል ብለው ከጻፉ እቆያለሁ። ውሸታም ተብዬ ግን አልኖርም። ቶሊዶ ቤቴ አጠገብ ያለው ኮሌጅ እስከ 26 ይቀበለኛል።»

«ቅጹን አሁን አትሙዪው። ትንሽ ታገሺ።»

«ምን ልጠብቅ?»

«ብቻ ታገሺ።»

አመሰገነችኝ። ከልቧ ነበር። በዚህ ሳምንት ያመሰገነኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

26 ዓርብ ነው። ስብሰባው ሰኞ። ከዓርብ እስከ ሰኞ ምን አላት?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ጆይስ ደወለች። ነገሩን ሁሉ ከነዳቦው ሳላስበው ነገርኳት።

«ታዲያ ደረጃውን ወርደህ አትነግራቸውም?»

«ሥርዓት አለው፣ ጆይስ። በስብሰባው ላይ ነው የሚነገረው።»

«አንተ ልጅ፣ ቀንተሃል!»

«በክሬግ? እኔ በዚያ ልጅ የምቀናበት ምን አለኝ?»

«በክሬግ መች አልኩህ? በዳቦው ነው እንጂ» ብላ ስቃ ስቃ ልትሞት። ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰው «አንተ ልጅ» የምትል እሷ ብቻ ናት። የሚጠበስ ነገር እሳት ላይ ጥጃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እሳት ላይ ምንም አልነበረም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

የዶሪን ሬዲዮ ተበላሽቶ ነበር። እኔም ልሠራላት እችል ነበር። ክሬግ ሠራላት።

አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች።

ኮሪደር ላይ ሳገኘው «ቨርን፣ አንዳንዴ ታች ብቅ በል እንጂ» አለኝ። ይሄ ጥሪ ነው? አይደለም። ለአፉ ነው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

የድሮ ተማሪዎች የሚመጡበት የኳስ ጨዋታ። ብርድ። ዶሪን ከነክሬግ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። መሃላቸው የክሬግ ሚስት ነበረች፤ ቢሆንም።

ቴሳ ታችኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ እግሯን ዘርግታ። አየችኝና እጇን አውለበለበች፤ ከእኔ አንድ ነገር የምትጠብቅ ሰው ፊት ነው ያላት። ሆት ዶግ ሻጩ ጀርባ ሄድኩ። ከሄድኩ አይቀር ብዬ ሁለት ገዛሁ።

አሸንፈናል አሉ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ቴሳ በር ላይ ብቅ አለች። «አዲስ ነገር አለ?»

«በቅርቡ።»

«ዓርብ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ቴሳ።»

«እርስዎ ካሉኝ እሺ» ብላ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ተነሣሁ፣ ቀዩን እርሳስ ይዤ ወረድኩ። ልነግራቸው ነበር፤ እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። በሩ ገርበብ ብሏል። ዶሪን «አይ ክሬግ፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ!» ስትል ሰማሁ። ያንን ድምፅ። በሩን ሳልነካው ተመለስኩ። ደረጃው ስወርድ አጭር ነበር፣ ስወጣ አላልቅ አለኝ።

ቢሮዬ ገብቼ አሰብኩት። አሁን ብነግረው «አመሰግናለሁ ቨርን» ብሎ ጽፎ ያስገባዋል፣ የእሱ ሥራ ይሆናል። ዶሪንም እንዴት ያለ ጠንቃቃ ትለዋለች። ሰኞ ከነገርኩ ግን ትሰማለች። ማን እንደሚያውቅ ትሰማለች። ልጅቷም ቢሆን የምትጠቀመው በዚያው ነው፤ ዲኑ ፊት የተነገረ ነገር ክብደት አለው። ለእሷ ብዬም ነው።

ይህን አሁን መልሼ ሳነበው «ለእሷ ብዬም» የሚለውን ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ትቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 26

ፀጉሬን ልቆረጥ ከምሳ በኋላ ወጣሁ። ሰኞ ሰው ፊት መናገር አለ። ወረፋ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ቢሮ አልተመለስኩም።

ቴሳ መጥታ ከሆነ ትጠብቀኛለች። ወጣቶች ቀኑ አለቀ ሲሉ እንዲህ ነው። የኮሌጅ ቀነ ገደብ ሁልጊዜ ትንሽ ይለጠጣል፣ ከእኔ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም።

ቆራጩ ጎን ጎኑን አሳጠረው። ጥሩ ነው። ግራጫ ክራባቴን ተኩሻለሁ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ስብሰባው በቅጡ ሳይጀመር ክሬግ ተነሣ።

«ረቂቁን ከማደሌ በፊት የራሴን ስሕተት ልናገር» አለ። «ፌሪ ጎዳና ማዶ የተፈጸመ አንድ ዝርፊያ ጎዶሎ ቁጥር ነው ብዬ ዘልዬው ነበር። ዶሪን አልዋጥ አላት። ዓርብ ቨርንን ለመጠየቅ ወጥታ ስታጣው እኔን ይዛኝ ሄዳ ፌርማታው ላይ አቆመችኝ። ‹ቤቱን አትይ፣ እግርህ የቆመበትን እይ› አለችኝ። አባባሉ የቨርን ነው አሉ። ቅዳሜ ደንቡን ፈትሸን አስገብተነዋል። የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ዛሬ ይለጠፋል፤ ፌርማታው መብራት እንዲገባለትም ለከተማው ጽፈናል።»

እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነበር፣ ለማንሣት የተዘጋጀ እጅ። እዚያው ቀረ።

ዲኑ ወደ እኔ ዞረው «ቨርን፣ እንደ አንተ ያለ ሰው በየቢሮው አንድ አንድ ቢኖረን!» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ዶሪን ከጠረጴዛው ማዶ ፈገግ አለችልኝ፤ ለእኔ ብቻ ነበር። ይህን ወር ሙሉ የፈለግሁት ይሄንኑ ነው። ፊቴ ጋለ። «ምንም አይደል» አልኩ።

ቢሮ ስመለስ የመልቀቂያ ቅጹ የገቢ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ቴሳ ማሎይ። ዓርብ የተፈረመ፣ ማኅተም የተመታበት። የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኳት። «አንተን እስክንዘጋ ጠበቀችህ» አለችኝ። «ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ። ‹ታገሺ ብሎኛል› ትል ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻውስ ቢያንስ ጮኋል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ቶሊዶ ደወልኩ። አባትየው አነሡት። ቴሳ አዲሱ ኮሌጅ ልትመዘገብ ወጥታለች አሉ።

«ተጽፏል ብለው ይንገሩልኝ» አልኩ። «ዝርፊያው። ማስጠንቀቂያም ተለጥፏል። መመለስ ከፈለገች እኔ ራሴ…»

«መቼ ነው የተጻፈው?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ዕቃዋን ስጭን ነበር» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ሳይቆጡ፣ «እርስዎ ያ ደጉ ሰውዬ ነዎት? ከግቢው ያመነኝ አንድ ሰው አለ ትል ነበር። እነግራታለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

ሪፖርቱ ወጣ። በሕዝብ መንገድ ላይ፣ ዝርፊያ፣ አንድ። ፌርማታው ምሰሶ ላይ የማስጠንቀቂያው ወረቀት ተለጥፏል፣ ነፋስ ያርገበግበዋል። ሁለት የቡድኑ ልጆች ቆመው ሲያነቡት በመስኮት አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ዶሪን ወጣች። የመጨረሻውን የዙኪኒ ዳቦ ይዛለች።

«ዘንድሮ ተቀይመኸኝ ነው?» አለችኝ።

«ለምን እቀየማለሁ?»

«ወንበርህን ስቤ ጠበቅኩህ። ክሬግ ‹ቨርን አይመጣም እንዴ?› ሲለኝ ‹እሱ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው› አልኩት። ያ የፌሪ ጎዳናው ሲመጣም ‹ተወው፣ ቨርን ሲወርድ እንጠይቀዋለን› ብዬው ነበር። ዛሬ ይወርዳል ነገ ይወርዳል ስል ወሩ አለቀ።»

ወንበሩ ሲጎተት ያልሰማሁት ይሄንን ነው።

«ብትጠሪኝ ኖሮ…» አልኳት።

«አሥራ አንድ ዓመት መች ጠርቼህ አውቃለሁ፣ ቨርን?» አለች። እውነቷን ነው። ስለ ቴሳ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ጸጉርህ አምሮብሃል» አለችኝ፣ አፌን ዘጋሁት። ሄደች። ዳቦው እስከ አሁን እንደተጠቀለለ ነው።

ከዚያ የራሴን ሥራ፣ የምረቃ መጠኑን፣ ያዝኩ። ከቴሳ ጋር በስኮላርሺፕ የገቡት ሯጮች እሷን ጨምሮ ስድስት ናቸው። ሕጉ ሳይጨርሱ ከሄዱት ውስጥ ከቁጥሩ እንዲወጡ የሚፈቅድላቸው አሉ፤ የሞተ፣ ጨርሶ አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ ለውትድርና ወይ ቤተ ክርስቲያኑ ለአገልግሎት ልኮት የሄደ። ደጋግሜ አነበብኩት። ታገሺ ተብላ የሄደች የሚል የለበትም።

ቁጥራቸው የሚወጣው ገና ስድስተኛው ዓመት ሲሞላ ነው። ያን ጊዜ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህንንም ሥራ ክሬግ ደርቦ ይይዘዋል፣ ለእሱ ካልሆነ ለማን ይሰጣል? ምድር ቤት ይቀመጣሉ። ዶሪን መነጽሯን አድርጋ «የሴቶች አገር አቋራጭ፣ ከስድስት አምስት» ብላ ታነብለታለች። እሱ «አምስት» ይላል። ከዚያ፣ ጠንቃቃ ልጅ ስለሆነ፣ ይህ ቡድን ጎድሎ እንደማያውቅ ያስታውስና «ስድስተኛዋ ምን ሆና ነው የሄደችው?» ብሎ ይጠይቃታል።

«እኔ እንጃ» ትለዋለች። «ቨርን ቢኖር ያውቅ ነበር።»